በመርዶው ቀን የዋሸሁት

እንግሊዞች ወሬ ከሰው ወደ ሰው ዞሮ ሲደርሳቸው «በወይን ሐረግ ሰማሁ» ይላሉ። የአባባሉን መነሻ የነገረችኝ እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ኤድመንተን ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ዕቃ የምታሽግ እንግሊዛዊት ናት። ድሮ አሜሪካ ውስጥ የቴሌግራም ሽቦ ከዛፍ ዛፍ ተንዘላዝሎ የወይን ሐረግ ይመስል ነበር አሉ። በአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ በዚያ መጣ የተባለው ወሬ ግማሹ ውሸት እየሆነ ሲያስቸግር፣ ስሙ ለአሉባልታ ሁሉ ቀረ።

እኔም የልብ ጓደኛዬ እናት ማረፋቸውን የሰማሁት እንደዚያው ነው። ቅዳሜ ዊልስደን ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለሱቋ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ፣ «መርዶው ነገ ጠዋት ነው አይደል? መቼም አጠገቧ የምትሆኚው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«የምን መርዶ እትዬ? ማን ሞተ?»

ሴትዮዋ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ፤ ኋላ ግን የሞቱት የጓደኛዬ እናት መሆናቸውንም፣ ማን ማን እንደሚያረዳትም ነገሩኝ።

በእኛ ወግ ሐዘኑ የራሷ የሆነባት ሰው መጨረሻ ነው የምትሰማው። አገሩ ሁሉ አውቆ፣ ተመካክሮ፣ የምትወዳቸው ሰዎች ተመርጠው በጠዋት ሄደው ያረዷታል። የእኔ ጓደኛ አጠገብ እንድትቀመጥ የተመረጠችው ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያወቀቻት ሴት ናት። እኔ ከጓደኛዬ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድሬ፣ የጥገኝነት ደብዳቤዋን አብሬያት የጠበቅኩት ሴት፣ አልተነገረኝም! ለዚያች ለተመረጠችው ሴት ደወልኩላት።

«ፊትሽ ያሳብቃል ብለን ነው እኮ» አለችኝ።

እሷ ማን ሆና ነው ፊቴን የምትመረምረው! እርር ድብን አልኩ። ለሟቿ አንድ እንባ ሳላወጣ ሌሊቱን በቅናት ነደድኩ፤ አበስኩ ገበርኩ።

እሁድ ሳልጠራ ዋይት ሲቲ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ስደርስ አርድተዋታል፣ ያቺም ሴት ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛታለች። ቦታው የእኔ ነበር። በመካከላቸው ገብቼ ተቀመጥኩና ጓደኛዬን አቀፍኳት።

«ካረፈች ስንት ቀን ሆናት?» አለች ጓደኛዬ።

«አምስት» አላት ከአርጂዎቹ አንዱ።

«አምስት ቀን ሙሉ ሁላችሁም እያወቃችሁ?»

ሁሉም አቀረቀሩ። ያቺ ሴት ብቻ ወደ እኔ እያመለከተች «እሷስ አልሰማችም ነበር፣ አልነገርናትም» አለች። ቤት ሙሉ ሰው ፊት! እኔ ያልተነገረኝ፣ እኔ ባዕድ!

«እንዴት አልሰማም? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኩ።

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። «ሐሙስ ደውለሽ እንደዚያ ስንስቅ፣ ታውቂ ነበር?»

ውሸቴን መመለስ እችል ነበር። ያቺ ሴት ግን እያየችኝ ነው።

«አዎ» አልኩ።

«እኔ እኮ እሷ እንኳ አላወቀችም ብዬ ነበር» አለች ጓደኛዬ። ክንዴን ከትከሻዋ ላይ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።