ቁጥር አሥራ ሰባት

ፍኖተ ሰላም ላብራቶሪ ስሠራ፣ የጉበት ካንሰርን በደም ውስጥ ካለ ፕሮቲን ቀድሞ የሚለይ ምርመራ ለማውጣት ከቡሬ ገበሬዎች ደም እንወስድ ነበር። ብልቃጡ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር እንጽፋለን።

አንድ ቀን የቁጥር አሥራ ሰባት ፕሮቲን ከሁሉም እጅግ በልጦ አገኘሁት። "የደሙ ባለቤት ተፈልጎ አልትራሳውንድ ይነሳ" አልሁ።

"ምርመራው ገና አልተረጋገጠም፤ ስም መፈለግ ክልክል ነው" አለኝ አለቃዬ።

ቆሽቴ አረረ። ደሙን ልንወስድ ደጁ ድረስ ስንሄድ ማንም አልከለከለን!

ቅዳሜ ቡሬ ገበያ፣ ደም ከሰጡን እናቶች አንዷ አስቆሙኝ። አሥራ ሰባት እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም።

"ልጄ፣ የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው እንኳ ቅዳሴ ሲወጣ ያስነግራል። እናንተስ ከደማችን ምን አገኛችሁ?" አሉኝ።

እንደ ከብት ሌባ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ።