የማልወዳቸው ባለ መሰንቆ

ባለፈው ዓርብ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ኅዳር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል፤ በመስኮት የሚገባው አቧራ እንኳ እህል እህል ይሸታል። ሾፌሩ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ የሟቹን የጋሽ ይርዳውን መሰንቆ ለቀቀው። ወዲያው መኪናው ውስጥ ወሬ ቆመ። ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ያወዛውዙ ጀመር።

ከጎኔ ያለው ወጣት ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ “እማማ፣ እርስዎ እኮ በእሳቸው ዘመን የነበሩ ነዎት። ታድለው!” አለኝ።

“እኔ እንኳ ዘፈናቸውን አልወደውም” አልሁት።

ልጁ ማተቤን የበጠስሁ ይመስል አፈጠጠብኝ። ረዳቱ ከበሩ ዞረ። ቄሱ ዓይናቸውን ገለጡ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ልጃገረድ ሳለሁ አንድ ዳስ ሙሉ ሰው እንደዚያው አድርጎ አይቶኛል።

ጋሽ ይርዳው የስማዳ ሰው ነበሩ። ከወገዳ እስከ እስቴ እሳቸው ያልተጫወቱበት ሰርግ ሰርግ አይባልም፤ ሰው ለልጁ ቀን የሚቆርጠው እሳቸው እንደሚመጡ አስጠይቆ ነበር። ከዜማዎቻቸው ሁሉ የሚወደደው ስለ እናት የሚዘፍኑት ረዥሙ ነው። እሱ ሲጀመር ወንዱ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ያነሣል፤ ሴቱ ይንሰቀሰቃል። እኔ ግን ምን ላድርግ፣ አልጣመኝም። ስንኙ ሊያልቅ ሲል መጨረሻውን ይጎትቱታል፣ ይጎትቱታል፣ ወደ አፍንጫቸው ያስገቡታል፤ አለቀ ስል እንደገና ይነሣል። “ጆሮ አልፈጠረብሽም እንዴ?” ትለኝ ነበር እናቴ። “ማርያም ጆሮሽን ትክፈተው።” አልተከፈተም።

ይህን ጉዴን በሆዴ ይዤ እኖር ነበር፤ አዝማሪን ማስቀየም የዋዛ ነገር አይደለማ! በጎረቤታችን አጥቢያ አንዲት ሴት በክርስትና ድግስ ላይ ጠላ ነፈገችኝ ብሎ አንድ ባለ መሰንቆ “ገንፎ አሳራሪ” ብሎ ገጠመባት። ሴትዮዋ ገንፎ አሳርራ አታውቅም። ሆኖም ስሟ አሳራሪ ሆኖ ቀረ፤ ስትሞት ለለቅሶ የመጣው ሰው “የአሳራሪ ቤት በየት በኩል ነው?” እያለ ነበር የሚጠይቀው።

የታላቅ ወንድሜ ሰርግ ጥር ላይ ሆነ። እኔ ያኔ ንፋስ መውጫ ስማር ቆይቼ ወደ ቤተሰቤ ተመልሻለሁ፤ ለእስቴ ልጅ ታጭቼ ከፋሲካ በኋላ ቀን ተቆርጦልኛል። እጮኛዬ ዘውዱ ከአጎቱ ጋር ሰርጉ ላይ መጥቷል። ዘውዱን እወደው ነበር፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ንፋስ መውጫ አብረን ትምህርት ቤት ስንመላለስ ነው ልቤ የሄደው። ስለዚህ የዚያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ በአጎቱ ፊት ጨዋ መስዬ መዋል ነበር።

ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኗል፤ የቅጠሉና የገብስ ጠላው ሽታ ተደባልቆ ራስ ያዞራል። ጋሽ ይርዳው ረዥሙን ጀመሩ። ሰው አለቀሰ፤ አባቴም አለቀሰ። በስንት መከራ ዜማው ቆመና ዳሱ ጸጥ አለ። እኔም ከጎኔ ለተቀመጠችው ለአክስቴ ልጅ፣ “እፎይ፣ ተመስገን አለቀ!” አልኋት።

ያልሁትስ በሹክሹክታ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን እስከ ሙሽሮቹ ተሰማ።

ጠላ ይቀዳ የነበረው ጎረምሳ እኔን እያየ መቅዳቱን ሲቀጥል ዋንጫው ሞልቶ በአንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ፈሰሰ፤ ሽማግሌውም አላወቁም። እናቴ አማተበች። ዘውዱ መሬት መሬት ያያል። አጎቱ ብድግ ብለው፣ “አንተ ይርዳው! ልክ ልኳን ንገራት እንጂ!” አሉ። “ስደብልን፣ አንተ አዝማሪ!” አለ ሌላው። በእኛ አገር ባለ መሰንቆ ቢሸብትም፣ ቢወደድም፣ አንተ ነው።

ጋሽ ይርዳው መሰንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ “አንቺ ልጅ፣ እስቲ ተነሺ። ምኑ ነው ያልጣመሽ?” አሉኝ።

ተነሣሁ። የምዋሸው ፈልጌ አጣሁ።

“አባቴ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ዜማዎ ግን ይረዝምብኛል። አልወደውም።”

“ምን አልሽኝ?”

“አልወደውም አልሁዎት።”

“እሱንስ ሰምቻለሁ” አሉ፤ ይሳቁ ይቆጡ መለየት አቃተኝ። “እንግዲያው ግጥም ስጪኝ። እኔ እንደሆንሁ ተቀባይ ነኝ።”

ሰው የሰጠውን ግጥም ተቀብሎ መዝፈን የአዝማሪ ወግ ነው፤ በራሱ ላይ ሲዘፍን ግን ያየ የለም። ድንጋጤ ይሁን ቂልነት ይህ ወጣኝ፦

የይርዳው መሰንቆ ምነው አልሄድ አለ፣
ጭቃ እንደ ያዘው በሬ እዚያው እየዋለ።

ጋሽ ይርዳው ተቀበሉ። በዚያው በረዥሙ ዜማ፣ አንዲት ቃል ሳይጥሉ። “እየዋለ” የምትለዋን እንደ ልማዳቸው ጎተቷት፣ ጎተቷት፣ ወደ አፍንጫቸው አስገቧት። የሚስቅ ሰው ጠፋ። ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው።

“እውነቷን ነው፤ እኔም ሰልችቶኛል” አሉ። ዳሱ ከእኔ ንግግር ይልቅ በዚህኛው ደነገጠ። “ሌላ ስጀምር ‘ያንን በለው’ ትሉኛላችሁ። ሁላችሁም ትወዱኛላችሁ፤ ሁላችሁም አንተ ትሉኛላችሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው አንቱ ያለችኝ የማትወደኝ ልጅ ናት።”

የዘውዱ አጎት ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ዋንጫቸውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አኖሩት።

ከዚያ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዜማ ተጫወቱ። በበቅሎ ሲመጡ መንገድ ላይ ያወጡት፣ ለራሳቸው ብቻ የሚጫወቱት መሆኑን ነገሩን። ቃል የለውም። ፈጠን ያለ፣ ቀለል ያለ፣ የበቅሎ ኮቴ ዓይነት ነው። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ “እህስ?” አሉኝ።

“ከፊተኛው ይሻላል” አልሁ። እሱም ቢሆን ብዙ አልጣመኝም ነበር።

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በመጨረሻም የፈራሁት አልቀረም፤ ገጠሙብኝ፦

አልወድዎም ብላ አንቱ የምትለኝ፣
ከሚወዱኝ ሁሉ እሷን ያኑርልኝ።

ይህች ግጥም ከእኔ ቀድማ እስቴ ገባች። አጎትየው እጮኝነቱን ሊያፈርሱ አስበው እንደ ነበር በኋላ ሰማሁ፤ ግን ይርዳው “ያኑርልኝ” ያላትን ልጅ የሚመልስ ቤት ከየት ይመጣል! ከፋሲካ በኋላ ተዳርሁ። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ “አንቱዬ” ነበር የሚለኝ።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ስነግረው መኪናው ሙሉ ይሰማ ኖሯል። “ያኛው ዜማስ?” አለና ስልኩን ይጎረጉር ጀመር። ረዥሙ በየዓይነቱ ተቀድቷል፤ በሰርግ፣ በበዓል፣ በሬዲዮ። ያኛው የለም። ማን ይቅዳው? የሰማነው የዚያ ዳስ ሰዎች ነን፤ ከእነሱም በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ሾፌሩ ድምፁን ዘጋና፣ “እስቲ እማማ፣ እርስዎ ያንጎራጉሩልን” አለኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ። ኮቴው መጣልኝ፤ ጥቂት ሄድሁ። ከዚያ ከአፌ የወጣው ረዥሙ ነበር። አቁሜ እንደገና ሞከርሁ። ያው ረዥሙ መጣ። ተሳፋሪው አጨበጨበ፤ “ይኸው ይችሉታል!” አለ ልጁ።

እኔ ደነገጥሁ፤ ያን ቀን በዳሱ ውስጥ እንኳ እንዲህ አልደነገጥሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርሁት ዘፈን፣ እሳቸው ለራሳቸው ያኖሩትን አስወጥቶ በቦታው ተቀምጧል። “ያንን በለው” ሳልላቸው የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ለካ የእኔም ጆሮ ሲላቸው ኖሯል።

ሾፌሩ ስልኩን መልሶ ከፈተው። ሁሉም ማዜም ጀመረ። ስንኙ ሊያልቅ ሲል እኔም አብሬ ጎተትሁት።