አባዬ ሞተር ያወረደበት ክረምት

የነጭ ጋዝና የተቆላ ገብስ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ ዕድሜዬን ረስቼ አምቦ በነበረው ቤታችን ደፍ ላይ እግሬን ሰብስቤ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ሁለቱን ሽታ አንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘው አባዬ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ እርጉዝ በነበረችበት በደርግ ዘመን አንድ ክረምት፣ የአሮጌዋን ቮልሳችንን ሞተር አውርዶ ሳሎን ውስጥ ፈታታው።

አብዶ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ታናሽ እህቴን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ለጥቂት ስለተረፈች፣ ሐኪሙ «ሁለተኛ አዲስ አበባ ካልሆነ እንዳትወልጂ» ብሏት ነበር። እዚያ የምታርፍበት ዘመድ አልነበረንም፣ አውቶቡሱም የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው፣ ምጥ ደግሞ የአውቶቡስ ሰዓት አይጠብቅም። ቮልሷ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች ዘይት ትጠጣ ስለነበር፣ የሳይንስ አስተማሪው አባዬ «መንገድ ላይ ከምትቆምብን አሁን ልጠግናት» ብሎ ግንቦት ላይ ተነሳ።

ማንሻ የሚባል ነገር ስላልነበረን፣ ለቤት ክዳን እንደሚደረገው ሁሉ ጎረቤት በደቦ ተጠራ። ስምንት ወንዶች የመኪናዋን ኋላ ተሸክመው ሲያነሱ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር የሚጠግነው ጎረቤታችን ኦቦ ደሜ ሞተሩን በጆንያ ላይ ጎትቶ አወጣው። የቀበሌው ሊቀመንበር «ይህን ሁሉ ሰው ያለ ፈቃድ የሰበሰብከው ለምንድን ነው?» እያለ መጣ፣ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አይቶ ሄደ። እናቴ ግን ያስሩታል ብላ ፈርታ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

ሰኔ ገባ፣ ሐምሌም ተከተለ፣ ያረጀውን ተክቶ ዘይት መጠጣቷን የሚያስቆመው የፒስተን ቀለበት ዛሬ ነገ ይመጣል እየተባለ አልመጣም። አባዬ እያንዳንዱን ብሎን በፈታበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሮ፣ በቁራጭ ወረቀት ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ምልክት አድርጎበት ስለነበር፣ እኛ ልጆች ግድግዳ ታክከን ነበር የምናልፈው። እኔ የእናቴን ሆድ አያለሁ፣ መልሼ ወለሉን አያለሁ። ሆዷ በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ወለሉ ግን እንዳለ ነው። ማርያምን ቀኗን አርቂልን እያልኩ እለምን ነበር፣ የሚርቅ ነገር ይመስል።

ነሐሴ ላይ ቀለበቱ በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ አባዬ ስብሰባ እንደሄደ፣ በአደ ጫልቱ የሚመሩ የጎረቤት ሴቶች እንደ ወጉ የእናቴን የገንፎ እህል ሊያዘጋጁ መጡ። ገብሱን ቆልተው ሲጨርሱ ቤቱን ቢያዩት ጊዜ አዘኑላት። እናቴ ጓዳ ጋደም ብላ ነበር፤ እኔ «አባዬ አትንኩ ብሏል» ብልም ማን ሰምቶኝ። ጋዜጣውን ጠቅልለው፣ ብሎኑን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ከተው፣ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ ወለሉን ወለወሉት።

አባዬ ሲመለስ አደ ጫልቱ ደስ ብሏት «መምህር፣ ብረትዎ ታጥቦ ተሰብስቧል። አሁን ቤቱ የአራስ ቤት መሰለ» አለችው። እሱም ባልዲውን አየ፣ ደፉ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና «ገለቶማ» ብሎ አመሰገናቸው። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ እሱና ኦቦ ደሜ አንዱን ብሎን እያነሱ ሌላውን እየጣሉ፣ አልገባም ያለውን እያስገደዱ ሦስት ሳምንት ለፉ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይላል ኦቦ ደሜ፣ እናቴ ከጓዳ ትስቃለች፣ አባዬ አይስቅም። ጳጉሜን አንድ ቀን ስምንቱ ወንዶች በዝናብ መኪናዋን እንደገና ተሸከሙ፣ ሞተሩ ገባ፣ ተነሳም። ባልዲው ውስጥ ግን አንድ ብሎን ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት የእናቴ ምጥ ያለ ቀኑ መጣ። አባዬ ብሎኑን መዳፉ ላይ ይዞ፣ አንዴ እሱን አንዴ እናቴን እያየ ቆሞ ቀረ። እሷ የመኪናዋን በር ራሷ ከፍታ ገባችና «ምን ትጠብቃለህ፣ ንዳ እንጂ» አለችው።

ሦስት ቀን ወሬ አልነበረም። አደ ጫልቱ ታበላናለች፣ እህቴ ትጠይቃለች፣ እኔ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እሮጣለሁ። በአራተኛው ቀን ቮልሷ በራችን ላይ ቆመች፣ የወረደው አባዬ ብቻውን ነበር። ጮኼ መሬት ላይ ወደቅሁ። አንስቶ አቅፎኝ «አለች፣ ልጄ፣ አለች። በኦፕራሲዮን ነው፣ ወንድ ነው» እያለ እሱም አለቀሰ።

ዛሬ አምቦ ላይ ያለችው ልጄ ምጥ ሲመጣባት በባጃጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሆስፒታል ደረሰች፣ ባሏም ከበሩ ላይ ደወለልኝ። አባዬ ካረፈ በኋላ እናቴን «ብሎን እንደተረፈ እያየሽ እንዴት ደፍረሽ ገባሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «መፍራትማ ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ግን ለእኔ ብሎ ክረምቱን ሙሉ መሬት ላይ የተንበረከከን ሰው፣ በመኪናህ አልሄድም ብዬ የት ላድርሰው?»