የአርብ ቀማሽ

ስዋሽ ፊቴ ያሳብቅብኛል ይላሉ የሚያውቁኝ። ያን አርብ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያውም በሃይማኖት ነገር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

አዳማ ውስጥ እኛ ቤተ እስራኤሎች ብዙ አይደለንም፤ ከጎንደር መጥተን እዚሁ የቀረን ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ለጸሎት የተከራየናት ግቢ አለችን። እዚያው ጓሮ አርብ አርብ ሽሮ ሠርተን የቸገረውን ሁሉ እናበላለን። ክርስቲያን ነህ፣ እስላም ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽሮ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሥጋ ቢሆን ኖሮ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ስንባባል ጾማችንን ባደርን ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሠራው ሁሉ በፈቃዱ ነው። እኔ በሌላው ቀን መጋረጃ እሰፋለሁ፣ አርብ ድስት አማስላለሁ። ከጎኔ የምትቆመው ሙስሊም ጓደኛዬ ናት፤ ሽንኩርት ስትልጥ በኦሮምኛ ትራገማለች፣ ስትጨርስ በአማርኛ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሰንበታችን አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባ ከዚያ በፊት አብልተን፣ እሳት አጥፍተን፣ ዕቃ አጥበን መጨረስ አለብን። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አይነድም።

እማማ ደግሞ ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ባቡር ጣቢያ ትልቅ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፤ መጀመሪያ ቡፌው ተሸጠ፣ ቀጥሎ ፍሪጁ። ከወጥ ቤታቸው ሽታ መምጣቱ ቀረ፣ ክንዳቸውም ቀጠነ። ኑ ቢሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "አሁን በልቼ መነሳቴ ነው።" ምግብ ብልክላቸው ሳህኑ እንደተከደነ ይመለሳል። "ልጄ፣ እኔ ቤት ምግብ ይበላሻል እንጂ አይጠፋም" ይላሉ። እልኸኛ ናቸው። እኔም ብሆን ቀላል ሰው አይደለሁም።

ያን አርብ በጸሎት ግቢያችን በር ላይ ሲያልፉ አየኋቸው። ቆም አሉና ለሽሮው የቆመውን ሰልፍ አዩት። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ቢነፋባቸውም አልተነቃነቁም። እግራቸው ሊገባ ይፈልጋል፣ አንገታቸው እምቢ ይላል። ይኼኔ ነው አፌ ያመለጠኝ።

"እማማ፣ በሞቴ ይድረሱልኝ! በእኛ ሥርዓት አርብ ቀን ያበሰለ ሰው አይቀምስም። ጨዉን ይቅመሱልን!"

ጓደኛዬ ሽንኩርቷን ይዛ ቀረች። "ባለፈው አርብ እኮ…" ብላ ስትጀምር እግሯን ረገጥኳት።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። "ዛሬ ጾም ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምንም አልቀምስም" አሉ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ስድስት ሰዓት ላይ የደረሰ ሽሮ በዚያ በአዳማ ሙቀት ቀማሽ ሲጠብቅ ዋለ፣ ሰልፉም ጉድ አፈላ። "እኔ ልቅመሰው! ጨው ባይኖረውም አልከሳችሁም!" ብሎ ጮኸ አንዱ የመናኸሪያ ተሸካሚ።

ዘጠኝ ሲሆን ጭልፋ አቀረብኩላቸው። ገፉት። "ያለ እንጀራ ጨው አይታወቅም" አሉ። እንጀራ መጣ። ቀመሱና ትንሽ አሰቡ። "ይኼ ከዳር የወጣ ነው፤ እስቲ ከመሃሉ።" ከመሃሉ ተጨለፈ። "አሁን ደግሞ ከሥሩ።" ከሥሩም ወጣ። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው "ደህና ነው" ሲሉ ሰልፉ አጨበጨበ።

በዚያው ሥራቸው ሆነ። ከመጋረጃ ቁራጭ ሽርጥ ሰፋሁላቸው። ጓደኛዬም የምሯን መቅመስ ተወች፤ "ያ ረቢ! ኋላ የእናንተ ሕግ ቢይዘኝስ?" ትላለች። የጸሎት ቤታችን ቄስ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠሩኝና "ልጄ፣ ይኼ አርብ ያለመቅመስ ሕግ ከየት መጣ? ዕድሜ ልኬን ሰምቼው አላውቅም" አሉኝ። በአገጬ ወደ እማማ አመለከትኩ። እማማ ሳህናቸውን በእንጀራ እየጠረጉ ነበር። ቄሱ አዩዋቸው፣ ጢማቸውን ዳሰሱ፣ "እንግዲህ አለ ከተባለ አለ ነው" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ኋላ እንግዳ መጣብን። የእኛው ልጅ ነው፤ ጎንደር ተወልዶ እስራኤል ያደገ፣ ትልልቆቹን ድስቶች የገዛልን ደግ ሰው። ክፋት የለበትም። አፉ ግን! ሽሮው ለምን እንደሚጠብቅ ጠየቀ፣ ጓደኛዬም ሕጋችንን አክብራ አስረዳችው። ከት ብሎ ሳቀ።

"እንዲህ የሚባል ሕግ የለም! ማነው ያታለላችሁ? እንዲያውም የሰንበትን ምግብ ቀድሞ መቅመስ ደግ ነው!" ብሎ ጭልፋውን ነከረና ላሰ። "ጨው በዝቶበታል" አለ።

እማማ እኔን አዩኝ፣ እኔ ድስቱን አየሁ። ሽርጣቸውን ፈትተው አጠፉት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣ ወጡ። ዘጠኝ ሰዓት ገና ስላልሞላ በአፋቸው ምንም አልዞረም።

እንግዳውን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ድስቶቹን እንኳ ውሰድልን ብዬዋለሁ። ምስኪን፣ ነገሩ ሲገባው ሮጦ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ፈለገ። ጓደኛዬ ቢላዋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመችበት። "አንተ ሌላ እንዳታበላሽ! ቁጭ በልና ሽንኩርት ላጥ!" አለችው። እየላጠ አለቀሰ፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩትም።

ሰልፉ እንዳለቀ ሳህን ሞልቼ የእማማን በር አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"በልቻለሁ።"

"እማማ፣ ይክፈቱ! ካልከፈቱ እዚሁ ጩኸቴን አቀልጠዋለሁ፣ መንደሩ ይሰብሰብ!"

ተከፈተ። መንደሩን ፈርተው እንጂ እኔን ፈልገው አይደለም። ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር ነው የቀረው፤ እሱን ለእኔ ሰጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ስታሾፊብኝ ነው የከረምሽው?" አሉኝ።

"አይደለም፣ እንዲበሉልኝ ፈልጌ ነው። ሌላ መላ አጣሁ" አልኩና ለቅሶው ቀደመኝ። እኔ ማልቀስ አያምርብኝም፣ እንባዬም አፍንጫዬም አንድ ላይ ነው የሚመጡት። እማማ ተቆጥተው እንኳ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉኝ።

ቆይተው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። በዝግታ ጀመሩ፣ በኋላ ግን እጃቸው ፈጠነ። ስለ ጨው አንድም ነገር አላሉም። የመጨረሻዋን ቁራሽ ሲጎርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ደርሳ ነበር፣ ልሄድ ተነሳሁ።

"ነገስ?" አሉኝ።

"ነገ ሰንበታችን ነው፣ እማማ። እሳት አናነድም። ያለው ከዛሬ የተረፈው ነው፣ እሱም የቀዘቀዘ።"

ባዶውን ሳህን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

"የቀዘቀዘም እበላለሁ" አሉ።