የሩኢ ራስና የአማች ቀን

የኪሮንባላ አባት ኖኩል እንደ ሌላው ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ አይሆንለትም ነበር። እግሩን አሞት አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ በትከሻው ባጋደመው ቀርከሃ ግራና ቀኝ ሁለት እንስራ አንጠልጥሎ፣ ከወንዝ የተቀዳ የዓሣ ጫጩት ለየመንደሩ ኩሬ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ ካልተናወጠ ጫጩቶቹ ታፍነው ያልቃሉ። ስለዚህ ተሸካሚው በየእርምጃው ከወገቡ ሰበር ቀና፣ ሰበር ቀና ይላል። ኖኩል ባዶ እጁን ገበያ ሲወጣም፣ ለቅሶ ሲደርስም አካሄዱ ያው ነው። የቤንጋል ሰው ቀልድ አያልፈውምና ጎረቤቶቹ ከሩቅ ሲያዩት «የኪሮን አባት እየጨፈረ መጣ!» ይሉ ነበር።

ኪሮን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ኩሬው ዳር ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የእኛ ሩኢዎች ሆዳቸው በእንቁላል ሊፈነዳ ደርሷል። አንተ ወንዝ ድረስ የምትለፋው ለምንድነው? እነሱ እዚሁ ለምን አይወልዱም?»

«ሩኢ የወንዝ ውሃ ካልነካው አይወልድም። ኩራተኛ ዓሣ ነው» አላት ኖኩል።

ይህ መልስ ግን አልተዋጠላትም። ከወንዝ የሚመጣው ጫጩት ድብልቅ መሆኑን እሷም ታውቃለች። ገበሬው ሩኢ ነው ብሎ ኩሬው የጨመረው አንዳንዱ በኋላ ሌሎቹን የሚሰለቅጥ ዓሣ ሆኖ ይገኛል። ዓመት ተጠብቆ መረብ ሲጣል የሚወጣው አንድ የሰባ ሌባ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። የዚያን ቀን ሰውየው እንስራ ተሸካሚውን ነው የሚረግመው።

ኪሮን ጥያቄዋን ይዛ ትምህርት ቤት ገባች፣ ጥያቄዋን ይዛ ካልካታ ኮሌጅ ወረደች። ከክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ዓሣ የሚቀደድበት የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ፈገግ ብለው «ለሴት ልጅ ይህ የኩሽና ሥራ ነው፤ ከቤትሽ ስለት ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ» አሏት። ወንዶቹ ሳቁ። በማግስቱ እውነትም ይዛ መጣች፤ የቤንጋል ሴት ሁሉ መሬት ተቀምጣ እግሯን በእንጨቱ ጭና የምትቆርጥበትን፣ እንደ አውራ ዶሮ ጭራ ቆልመም ያለውን ስለት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወንዶቹ በትንንሽ ቢላዋ የዓሣውን ቅርፊት ሲታገሉ እሷ ዓሣውን ከፋፍላ፣ እያንዳንዱን ብልት በተርታ ደርድራ እጇን ታጠበች። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ስለ ኩሽና አንድም ቃል አልተናገሩም።

ከኮሌጅ ስትወጣ ከመንደሯ የግማሽ ሰዓት የብስክሌት መንገድ ባለ አንድ የዓሣ ጣቢያ ተቀጠረች። የሰጧት ሥራ የጠርሙስ ላይ ስም መጻፍ ነበር። አራት ዓመት ጻፈች። በነዚያ ዓመታት ግን ከዓሣ አንጎል ሥር ስላለች ትንሽ ዕጢ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ አንብባለች። እንቁላሉ ከደረሰ ዓሣ የተወሰደችው ዕጢ ተፈጭታ ለሌላ ዓሣ በመርፌ ብትሰጥ፣ ወንዝ ያላየው ዓሣ እንቁላሉን ይጥላል የሚሉ ነበሩ። በአውራጃው የሞከረው ሰው የለም። ኃላፊውን ለመነች፣ ጨቀጨቀች። በመጨረሻ ከዳክዬ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጭቃ ኩሬ ሰጧት።

«ሦስት ክረምት» አሏት። «ካልሆነ ኩሬው ለዳክዬ፣ አንቺ ለጠርሙስ።»

ሁለቱ ክረምት ከሸፈ። ሦስተኛው ሊገባ ሲል ኪሮን በደንብ ተዘጋጅታ ነበር። በጋውን ሙሉ ገበያ ለገበያ ዞራ የሃያ ሁለት ዓሣ ዕጢ ሰብስባለች። እቤቷ በእናቷ ስለት እያወጣች፣ በአልኮል በተሞላች ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ከእናቷ አሮጌ አጎበር ሰፍታ ኩሬው ውስጥ የሚገባ የዓሣ ክፍል ሠርታለች። አንዲት እንስትና አንድ ተባዕት ሩኢም መርጣለች። የቀራት ዝናብ ብቻ ነበር፤ መርፌው የሚሠራው የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ውሃውን ሲያቀዘቅዘው ነው።

ዝናቡ የጀመረው በአማች ቀን ጠዋት ነው፤ አማት ሁሉ አማቿን ጠርታ በምታበላበት ቀን። ኪሮን ደስ ብሏት ወደ መደርደሪያው ሮጠች። ጠርሙሷ ባዶ ናት።

«እማዬ! ይህን ማን ነካው?»

እናቷ ኡማሾሺ ከኩሽና ብቅ አለች። «ያን የጠብታ መድኃኒት? አባትሽን ሆዱን ነፋው፣ ሰጠሁት። ጠዋት አስር ጠብታ፣ ማታ አስር ጠብታ።»

«መድኃኒት ነው ያለሽ ማነው?»

«ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ፣ አረቄ አረቄ የሚል ሽታ፤ ሌላ ምን ይሆናል? ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ይህንኑ አይደል!»

«ታች የነበረው ፍሬ ፍሬ ነገርስ?»

«እሱንማ በማር ደቁሼ አላስኩት።»

ኖኩል ከበረንዳው ሆኖ «መድኃኒቱስ ጥሩ ነው፤ ሆዴ ቅልል ብሎኛል» አለ።

«አባዬ፣ የሃያ ሁለት ዓሣ ጭንቅላት ነው የጨረስከው! ዓሦች እንቁላል እንዲጥሉ የሚሰጣቸውን!»

ኡማሾሺ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «የኪሮን አባት፣ እንግዲያው ዛሬ ኩሬ አጠገብ ዝር እንዳትል። ጎረቤት ፊት እንቁላል ጥለህ እንዳታዋርደኝ!»

ኪሮን ልታለቅስ ነበር፤ ሳቁ ቀደማት። ብስክሌቷን ይዛ በዝናቡ ገበያ በረረች። ከዓሣ ሻጭ ዓሣ ሻጭ ዞረች፤ ትልቅ የሩኢ ራስ የሚባል ጠፍቷል። «ዛሬ እኮ የአማች ቀን ነው፣ እህቴ» አላት አንዱ። «ራስ ከፈለግሽ አማች ሆነሽ ነይ!»

ተመልሳ መጣች። ኩሽናው ውስጥ፣ በነሐስ ሳህን ላይ፣ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ የአንዲት አራት ኪሎ ሩኢ ራስ ተቀምጧል። ዓሣዋ ስትከፈት ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ነበር። ዕጢዋም በደንብ የደረሰች መሆን አለባት።

«አይሆንም» አለች እናቷ፣ ኪሮን አፏን ሳትከፍት።

«እማዬ፣ ይህ ዝናብ የመጨረሻዬ ነው።»

«እኔስ? አምና ትንሽ ራስ ብናቀርብ የአማቼ እናት ምን እንዳለች ረሳሽው? ‹እንስራ ተሸካሚው ለልጄ የእንቁራሪት ራስ አበላው› ብላ ከተማውን ሞላችው። ዘንድሮ የተሰነጠቀ ራስ ላቅርብ? የአማች ራስ ሙሉ ሆኖ፣ ዓይኑ ፈጦ ነው የሚቀርበው።»

እንዲህ ሲነጋገሩ አማቹ ጆይዴብ፣ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊው፣ የጣፋጭ ዕቃ በአንድ እጁ፣ ጃንጥላ በአንድ እጁ ይዞ ከሚስቱ፣ ከኪሮን ታናሽ እህት ከፑሽፖ ጋር ደረሰ። ኡማሾሺ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ወጉ ነው። አማቿን አስቀምጣ ቢጫ ክር እጁ ላይ አሰረችለት፣ በዘንባባ ማራገቢያም ታራግበው ጀመር። ጆይዴብ ግን ዓይኑ ኪሮን ላይ ነው።

«እትዬ ኪሮን፣ ዛሬ ምን ሆነዋል? ፊትዎ ከሰማዩ ብሷል።»

«ምንም አልሆነችም» አለች ኡማሾሺ፣ ማራገቢያውን እያፈጠነች።

«ያንተን ራስ ፈልጋ ነው» አለ ኖኩል።

«የእኔን?»

«የዓሣውን! የኔን ድርሻ በልቻለሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገሩት። ጆይዴብ ጠርሙሱ ላይ ሲደርሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ አንገቱን አከከ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝም?»

«በል።»

«ያ ሙሉ ራስ… ዓይኑን አፍጦ ሲያየኝ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። እርስዎ እያራገቡ ቆመው ያዩኛል፣ እሱ ከሳህኑ ያየኛል። እኔ የምወደው ተሰባብሮ ከማሾ ጋር ሲሠራ ነው። በአማች ቀን ግን ይህን ማን ይናገራል?»

ማራገቢያው ቆመ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» አለች ኡማሾሺ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«እናትህስ?»

«ለእናቴ ‹የራሱ ግማሽ ለዓሦች ሠርግ ተሰጠ› እላታለሁ። ማሾው ጥሩ ከሆነ ሌላ ወሬ አይኖርም።»

ኡማሾሺ ማራገቢያውን ለፑሽፖ አቀበለች፤ ኩሽና ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን በስለቱ እንጨት ጫነች። «አምጪው። የምሰነጥቀው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ማሾው ውስጥ የአጥንት ስባሪ ትተዪብኛለሽ።»

ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ስለቱ ላይ ገፋችው፤ ቀጥ ብሎ ተከፈለ። ኪሮን አንጎሉን ገለል አደረገች፤ ከሥሩ የምስር ክክ የምታህል ነጭ ፍሬ በመቆንጠጫ አነሣች።

«ይህቺ ናት?» አለች እናቷ። «ለዚህች ነው ቤቴን ያሳበድሽው?»

ጆይዴብ ጃንጥላውን ይዞ ከብስክሌቱ ጀርባ ተፈናጠጠ። ኖኩልም እየጨፈረ ተከተላቸው። ጣቢያው ሲደርሱ ኪሮን ዕጢዋን ፈጨች፣ በውሃ በጠበጠች፣ ከፍላም ለእንስቷ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጠች። ጀንበር ሳትጠልቅ ሁለተኛውን ሰጠች፤ ተባዕቱንም ወጋች። ከዚያ ሁለቱን አጎበሩ ውስጥ አብራ ለቀቀቻቸውና እቤቷ ገብታ ማሾዋን በላች። ጆይዴብ ሁለቴ አስጨምሮ ነበር፤ ኡማሾሺ ለጎረቤቱ ሁሉ ቆጥራለታለች።

ጠዋት ዝናቡ እየካፋ ነበር። ኪሮን ኩሬው ዳር ስትደርስ መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፣ አጎበሩን ከታች በመዳፏ ከፍ አደረገችው። በሺህ የሚቆጠር እንቁላል፣ አብጦ፣ እንደ ብርጭቆ ዶቃ ጥርት ብሎ ተንከባለለ። አንዱን አስጠግታ አየችው፤ ውስጡ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ሕይወት ነው።

ኃላፊው በጃንጥላ መጡ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አዩ።

«ለዳክዬዎቹ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሌላ ቦታ እንፈልግላቸዋለን።»

ኪሮንባላ ከዚያ በኋላ ጠርሙስ ላይ ስም አልጻፈችም። በዚያው ጣቢያ እስከ ጡረታዋ ሠርታ፣ ስንቱን ገበሬ መርፌ አያያዝ አስተማረች። የጻፈቻቸው ጽሑፎች ሩቅ አገር ደርሰዋል። እሷ ስትናገር ግን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከማሾው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ወደ ሰፊው ኩሬ የሚዛወሩበት ቀን ሲደርስ ኖኩል ለቀርከሃው አዲስ ገመድ አስሮ፣ ሁለቱን እንስራ አጥቦ መጣ።

«አባዬ፣ ሃምሳ እርምጃ እኮ ነው። በባልዲ እናድርሰው» አለችው ኪሮን።

«ባልዲ!» አለ ኖኩል፤ እንደተሰደበ ሰው አያት። «ወንዝ ያላዩ ልጆች ናቸው፤ ቢያንስ በወጉ ይጓዙ።»

ቀርከሃውን ትከሻው ላይ አደረገና ተነሣ። ሰበር ቀና፣ ሰበር ቀና። የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጨፈረ ብሎ የሳቀበት አልነበረም። ኪሮን ከኋላው ስትከተል ሳታስበው እሷም እንደሱ እየተራመደች ነበር።