የደምለው አፍ

በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ ቢቸና ከተማ ዳር የአምባቸው የጤፍ ክምር ተቃጠለ። ደምለው የሚባል ጎረቤቱ ታሰረ። ያሳሰሩት እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው።

«እሱ ነው» አሉ። «በዋዜማው እሑድ ሰንበቴ ላይ ‹የአምባቸው ክምር አመድ ካልሆነ እኔ ሰው አይደለሁም› ሲል ሰምቼዋለሁ። አፉ ሲንቀሳቀስም በዐይኔ አይቻለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ድንበር ይገፋፉ ነበርና ማንም አልተገረመ። ሰንበቴ ቤት የነበሩት ሌሎች ግን ከምስክርነት ሸሹ። «ጠላ በተቀዳበት ቤት ማን ማንን ይሰማል?» አሉ። የቀሩት ምስክር እማሆይ ብቻ ሆኑ።

እማሆይ የሞጣ ሰው ናቸው። ቢቸና ያመጣቸው ጋብቻ ነው። ባላቸው ሞተ፤ ልጅ አልወለዱም፤ ቆብ ጫኑ። አምባቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። ከሞጣ መጥቶ መሬታቸውን ያርሳል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ በአህያ ውሃ ያመጣላቸዋል። ማታ ብቅ ብሎ «አክስቴ፣ እንዴት ዋሉ?» ይላል። ከዚያ በቀር ቤታቸው የሚገባ ድምፅ የለም።

ጆሯቸው አልደነቆረም፤ ዐይናቸውም አልፈዘዘም። ከአንድ ሰው ጋር ሲሆኑ ሁሉን ይሰማሉ። ሰው ሲበዛ ግን ድምፁ ይደባለቅባቸዋል። ያኔ አንድ ፊት መርጠው አፉን ያያሉ፤ ቃሉም ጥርት ይልላቸዋል። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሚያደርጉ አያውቁም።

የደምለው ሚስት ፈንታነሽ አንድ ቀን መጥታ ደጃፋቸው ላይ ቆመች። አልተንበረከከችም።

«እማሆይ፣ ባሌ ያን ዕለት ዳቦ እያላመጠ ነበር።»

«ሲናገር አየሁት አልኩሽ!»

«ጉንጩን ሞልቶ የሚዝት ሰው የት አይተዋል? የእኔ ባል እንኳን ዳቦ ጎርሶ፣ አፉ ባዶ ሲሆንም አይናገር!»

«ሂጂ ከዚህ! ዐይኔን ልትነሺኝ ነው የመጣሽው?»

ፈንታነሽ ሄደች።

በገበያ ቀን እማሆይ ጨው ሊገዙ ወጡ። «እማሆይ፣ ነጠላዎ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው» የሚል ሰሙ። ፊት ለፊታቸው ያለችው ጨው ሻጭ አፏን ታንቀሳቅሳለች።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አሏት።

ሴትዮዋ ሳቀች። ሽምብራ እየቆረጠመች ነበር።

«እኔ ምን አልኩና? የተናገረችው ከኋላዎ ናት። የመረቁት ሽምብራዬን ነው!»

በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። እማሆይ ጨው ሳይገዙ ተመለሱ።

እሑድ ሰንበቴ ቤት ሄደው የዚያን ዕለት የተቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ከፊታቸው ዳቦ የሚያላምጥ አንድ ሽማግሌ መርጠው አፉን ያዩ ጀመር። ከኋላቸው ስለ በሬ ሲወራ፣ ስለ በሬ የሚያወራው ሽማግሌው መሰላቸው። ከጎን አንዱ ሲሳደብ የተሳደበው ሽማግሌው ሆነ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ድምፆቹ ወደየባለቤቶቻቸው ሄዱ። ሲገልጡ ድምፆቹ ተመልሰው የሽማግሌው አፍ ውስጥ ገቡ።

ማታ ቤታቸው ሆነው ያንን ዛቻም ዐይናቸውን ጨፍነው ሊያስታውሱት ሞከሩ። ቃሉ ከደምለው አፍ አልላቀቅ አላቸው።

የችሎቱ ቀን አምባቸው ክንዳቸውን ደግፎ ወሰዳቸው።

«አክስቴ፣ ጎላ አድርገው ይናገሩ። ዳኛ ፊት የሚያንሾካሹክ ይሸነፋል።»

«ደምለው ባይሆንስ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? መልአክ?»

ወንጌል ነክተው ማሉ። ዳኛው ያዩትንና የሰሙትን እንዲናገሩ ጠየቋቸው።

«አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ» አሉ። «ዛቻውንም ሰማሁ። ሁለቱን ያጋባኋቸው እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው? የተናገረው እሱ ነው ወይስ አይደለም?»

«አላውቅም ጌታዬ። ሰው ሲበዛብኝ ድምፁን ለማየው አፍ እሰጠዋለሁ። እሱ ዳቦ እያላመጠ ነበር።»

ችሎቱ ሳቀ። ጸሐፊው ሳይቀር ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ።

ሌላ ምስክር ስላልነበረ ደምለው ተፈታ። በእማሆይ አጠገብ ሲያልፍ ሰላም አላላቸውም። በእሳቸው ቃል ታስሮ ከርሟል።

አምባቸው ደጅ ላይ ጠበቃቸው።

«አረጀሽ» አላቸው። እስከዚያ ቀን አንቺ ብሏቸው አያውቅም። «እሱ አንዴ ያቃጠለውን ክምር አንቺ ደገምሽው።»

«ልጄ፣ ያላወቅሁትን ምዬ...»

ክንዳቸውን ሳይዝ ሄደ። ክረምት ሳይገባ በሬዎቹንና አህያውን ነድቶ ሞጣ ገባ።

እማሆይ ውሃ ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ምንጩ ላይ ጎንበስ ብለው ሲቀዱ «እማሆይ፣ እንዴት አደሩ?» የሚል ሰሙ። ቀና አሉ። ሦስት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ ፈንታነሽ ናት። የሦስቱም አፍ ተዘግቷል።

የትኛዋ እንደሆነች አልጠየቁም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ለሦስቱም እጅ ነሡ። እንስራቸውን አዝለው ዳገቱን ወጡ።