ከወንዙ ማዶ ያለው ቤት

«ቅዳሜ ይሁን፤ ወረቀት አምጪ» አሉ አባባ። ከፊቴ ከተቆለለው የፈተና ወረቀት አንዱን መዘው ጀርባው ላይ መንገዱን ሳሉልኝ። ኮብልስቶኑ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር፣ ዝግባው ሥር ዕረፍት፣ ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ መሻገር፣ ዳገቱን ቀስ ብሎ መውጣት፣ ምሳ ወዳጃቸው ቤት። የወዳጃቸውን ቤት ሁለት ጊዜ አከበቡት።

ጥር ነበር። አሰላ ውስጥ መምህርት ነኝ፤ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና እያረምኩ፣ የውጤት ሮስተር እየሞላሁ፣ ቆሜ ሁሉ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። አባቴ ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር ነው የሚኖሩት። የግብርና ባለሙያ ሆነው ከከተማው በታች ያለውን ሸለቆ ሠላሳ ዓመት ወጥተው ወርደውበታል። ኅዳር ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ደህና ከሆኑ ወዲህ ሐሳባቸው አንድ ነው፤ አንድ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ወደ ወንዙ መውረድ፣ ማዶ ካሉት ገበሬ ወዳጃቸው ቤት ምሳ መብላት።

ወዳጃቸው ግን ሞተዋል። ይህን ከአባባ በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

አባባ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የሰውዬው ልጅ መርዶውን ይዞ መጥቶ ነበር። የተኙበት ክፍል በር ላይ አስቆምኩት። «አሁን አይቻልም፤ በዚህ ሳምንት እኔው እነግራቸዋለሁ» አልኩት። እሱም ወጉን ያውቃልና አንገቱን ነቅንቆ ተመለሰ። በእኛ ዘንድ መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም። ለዳነም ቢሆን በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ። ጥሩ ማለዳ ስንጠብቅ ገና ደረሰ፤ በዓል ላይ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ከገና በኋላ ጥምቀት፣ ከጥምቀት በኋላ የእኔ ፈተና። ባለቤቴ ሽማግሌዎቹን ልጥራ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ «ደክሞኛል፣ ለሳምንት ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ።

«ወዳጄ ምነው ጠፋ?» ሲሉ፣ እኔ ውቂያ ላይ ናቸው አልኩ። ባለቤቴ ይህን ስላልሰማ፣ ልጃቸው ጋ አቦምሳ ወርደዋል አለ። አባባ ሁለታችንንም አምነው «ውቂያውን ጨርሶ ሄዶ ይሆናላ» ብለው ራሳቸው አስታረቁን። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ። መንገዱ በተሳለ ማግስት ደግሞ ዕቅዱን ማጣመም ያዝኩ።

«ወንዙን ሳንሻገር ዳር ዳሩን ብንሄድስ? ዳገቱ ያደክምዎታል።»

«አንቺን ነው የሚያደክምሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው።

«ውሃው ለልጅቷ ያስፈራል።»

«በጥር? ጉልበቷ ጋ እንኳ አይደርስም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ጠረጴዛው ላይ አርማለሁ፣ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ልጄን የስንቁን ዝርዝር ያስጽፏታል። «ድፎ ዳቦ ብለሽ ጻፊ። ብርቱካን። ለወዳጄ ስኳር ሁለት ኪሎ፤ ሻዩን ሲያጣፍጥ አይጣል ነው። ሌላ ምግብ አትጻፊ፣ በቅቤ የታሸ ጩኮ ሳያበላን አይለቀንም።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አጎንብሳ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ስኳሩን ጻፈች። «ቡናስ አንጨምርላቸውም፣ አባባ?» አለች።

ምስጢር ስለጠበቀች ሁለት ወር ሙሉ ጎበዝ እያልኩ ያሞካሸኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ማረሜን ተውኩ። ልጄ መዋሸቱን ከእኔ ይልቅ ችላበታለች። ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ፣ ማለዳም ሽማግሌም ሳልጠብቅ፣ «አባባ፣ ወዳጅዎ ዐርፈዋል» አልኩ።

አላለቀሱም። «ኦቦሌሳ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ሁለቱ ሲጫወቱ በዚያው ቋንቋ ነበር። ከዚያ «መቼ?» አሉ።

«ኅዳር ላይ። ሆስፒታል ሳሉ።»

«ጥምቀት ላይ እያጨበጨብኩ ነበር» አሉ። ልጅቷን አዩ፣ እሷም እንደምታውቅ ገባቸው፤ እሱን አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ የፈራሁትን ነው። «የወዳጄ ቤተሰብስ? እንዳልነገራችሁኝ ያውቃል?»

በዚያው ሳምንት እነግራቸዋለሁ ብዬ ልጁን መመለሴን ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ሰምቶ ቀረ ብለዋል።» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ ሞቼ ቢሆን እሱ በዚያኑ ዕለት ተሻግሮ ይመጣ ነበር።»

«ቅዳሜ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«አትነግሪያቸውም። ልጄ ደበቀችኝ ብዬ በሰው ደጅ አላሳማሽም። ሰምቼ ነበር፣ አቅም አጥቼ ነው የቀረሁት፣ ይቅር በሉኝ እላለሁ። ባልሽና ልጅቷ ይከተሉኝ፣ አንቺ ቅሪ። አጠገቤ ካለሽ ፊትሽ ያወጣዋል።»

ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጁ መጣ። አባባ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የልጄን ሹራብ ቆለፍኩላት፣ ለባለቤቴ ቀስ ብለህ ያዛቸው አልኩት፣ ሄዱ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ዳገቱን አልወጣም፣ እተኛለሁ አልኩ። ጋደም ብዬም ነበር። እንቅልፍ አልመጣም። ቀኑን ሙሉ አባቴ፣ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ወዳጃቸው ደጅ ቆመው ለእኔ ሲሉ ሲዋሹ ይታየኝ ነበር።